ሸራ የለበሰችው ቪትዝ

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ሸራ የለበሰች መኪና የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ጎማዋ ተንፍሶ መሬት ነክቷል፣ ኮፈኗ ላይ ድመት ተኝታለች፣ ልጆች የመስታወቷ አቧራ ላይ በጣታቸው ስማቸውን ጽፈውባታል። ባለቤቷ ወይ ውጭ አገር ነው፣ ወይ አርፏል፣ ወይ ደግሞ «ገንዘብ ሳገኝ አሠራታለሁ» እያለ አራት ክረምት አሳልፏል። ሸራውን ገለጥ ስታደርጉት ብዙ ጊዜ ከስር የምታገኟት ያቺው ክብ ክብ ያለች፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ ቶዮታ ናት። ቪትዝ!

«ቪትዝ ደግሞ ታሪክ አላት እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አላት። እንዲያውም በትንሽ ገንዘብ የተጣለች ቪትዝ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ከመፍቻ በፊት የሚያስፈልገው ታሪኳ ነው። የትኛው አካሏ ሲሠራ ጀምሮ ጠንካራ እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደተነካካ፣ የትኛው ደግሞ እዚሁ በእኛው እጅ እንደተጎዳ የሚነግረን እሱ ነው። ኪስ የሚራቆተው ይህንን ሳያውቁ ሲጀምሩ ነው።

ግሪካዊ የነደፋት ጃፓናዊት

ቪትዝ ለሽያጭ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ጃፓን ውስጥ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው ትንሿ ቶዮታ ስታርሌት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ስትሠራ ቆይታ ቦታዋን ለቪትዝ ለቀቀች። የቪትዝን መልክ የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው፤ አውሮፓ በሚገኘው የቶዮታ የንድፍ ስቱዲዮ ይሠራ ነበር። ስሟም ቢሆን ከጃፓንኛ ሳይሆን «ቪትስ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ ብልሃት፣ ቀልድ አዋቂነት እንደማለት ነው። አውሮፓውያን ደግሞ ያሪስ አሏት። በስም ሁለት፣ በአካል አንድ።

አንዳንዱ ሰው «የሴት መኪና» እያለ ይቀልድባታል። ይቀልድ። ይህችው መኪና እ.ኤ.አ. የ1999–2000 የጃፓን የዓመቱ መኪና ተብላለች፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ያሪስ በሚለው ስሟ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆናለች። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ከውጭ ትንሽ፣ ከውስጥ ሰፊ እንድትሆን ተደርጋ ተሠራች።

ለእኛ ጉዳይ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛው ሞተሯ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ባለ 1 ሊትሩ ሞተርም ሆነ ባለ 1.3ው ውስጡን የሚያሽከረክረው በጎማ ቺንጋ ሳይሆን በብረት ካቴና ነው። ቺንጋ ጊዜው ሲደርስ መቀየር አለበት፤ ካልተቀየረ ይበጠሳል። ካቴና ግን ንጹሕ ዘይት እስካገኘ ድረስ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ሁለተኛው ዳሽቦርዷ ነው። ፍጥነት የሚያሳየው አረንጓዴ ዲጂታል ቁጥር ያለው ከመሪው ጀርባ ሳይሆን መሀል ላይ ነው። መሪው ቀኝም ይሁን ግራ ቦታውን መቀየር አያስፈልገውም። ይህች ትንሽ የንድፍ ብልሃት ወደ እኛ ስትመጣ ምን እንደጠቀመች አሁን እናያለን።

ከጃፓን በዱባይ

ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና በሦስተኛ ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ «ሻከን» የሚባል ጥብቅ ምርመራ አለበት። ምርመራው ከግብሩና ከመድኑ ጋር ተደምሮ ውድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጃፓናዊ መኪናው ገና ጤነኛ እያለ ይሸጠዋል። ያ የተሸጠው መኪና መርከብ ተጭኖ ዓለምን ይዞራል።

ጃፓን ግን በግራ ነው የሚነዳው፤ መሪው ቀኝ ነው። እኛ በቀኝ እንነዳለን። በዱባይ በኩል የመጡ ብዙ ቪትዞች እዚያው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮላቸው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ዳሽቦርዱ መሀል ላይ መሆኑ ሥራውን አቀለለው እንጂ መሪው ብቻ አልነበረም የሚዞረው፤ ፔዳሎቹ፣ የፍሬኑ ማገዣና ሽቦውም አብረው ይዞራሉ። ይህንን በጥንቃቄ የሠራም አለ፣ በጥድፊያ የሠራም አለ። ከአውሮፓ ያሪስ ተብለው የመጡት ግን መሪያቸው ከመጀመሪያውም ግራ ነው።

የትኛዋን እንደያዛችሁ ለማወቅ የሻንሲ ቁጥሯን ተመልከቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ባለ 1 ሊትር የመጀመሪያ ትውልድ ቪትዝ ቁጥሯ አጭር ነው፣ ኤስሲፒ10 ብሎ ይጀምራል። ለአውሮፓ የተሠራችው ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 17 ርዝመት መለያ አላት። ቁጥሩ አጭር ሆኖ መሪው ግራ ከሆነ መሪው ዞሯል ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ፍተሻ እዚያ ይሁን።

30፣ 60፣ 100

ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ የጃፓን መኪና ለምን ቪትዝ? መልሱ ፍቅር አይደለም፤ ግብር ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ የቤት መኪናን በሞተሩ መጠን ለሦስት ከፈለው። እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። አሁን የቪትዝን ሞተሮች እዩ፤ አንዱ 997 ሲሲ፣ ሌላው 1298 ሲሲ። ሁለቱም ከመስመሩ በታች! ሁለተኛው እንዲያውም በሁለት ሲሲ ተርፎ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጅቡቲ ስትደርስ ዋጋዋ 100 ሺህ ብር የሆነች መኪና እንበል። በ35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ 135 ሺህ ሆነች። 30 በመቶ ኤክሳይስ ሲጨመር 175 ሺህ ከ500። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲከተሉ ከ220 ሺህ በላይ። ያው መኪና ሞተሩ ከ1800 ሲሲ ቢበልጥ ኖሮ ከ340 ሺህ በላይ ይሆን ነበር። የአስተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የነርሷ ቤተሰብ ዕቁብ ጥሎ ቪትዝ የገዛው ለዚህ ነው።

ያ አዋጅ ሌላም ነገር አድርጓል፤ ዕድሜ አልጠየቀም። የሁለት ዓመቷም የአሥራ ሁለት ዓመቷም የሚጣልባቸው መቶኛ አንድ ነው። ታዲያ ማን አዲስ ይገዛል? አሮጌዋ ርካሽ ናት፣ አሮጌዋ መጣች። ዛሬ ሸራ የለበሱት እነዚያው ናቸው።

ጃፓናዊት በጣሊያንኛ

ጋራዥ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይጠብቃችኋል። መካኒኩ ስለ ጃፓኗ መኪና የሚያወራችሁ በጣሊያንኛ ነው! ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ… ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ወታደሩ ሄደ፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። ፊያት ሴይቼንቶ ታክሲ ሆና ከተማውን ስትዞር፣ ላዳ ስትተካ፣ ቶዮታ ዲኤክስ ሲነግሥ ቃላቱ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ተሻገሩ። ከቃላቱ ጋር ደግሞ ልማዱ ተሻገረ፤ ዕቃ ከመቀየር በፊት መጠገን። የገንዘባችን ተስፋ ያለው እዚህ ልማድ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ወንድሜና እኔ የአክስታችንን ቪትዝ ለማንሳት ስንነሳ የዳሽቦርዷ ቁጥር ጠፍቶ ነበር። በዚህ መኪና የታወቀ ሕመም ነው፤ ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ብየዳ በዕድሜ ይላቀቃል። ሙሉውን መቀየር ውድ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድነው፤ ብየዳውን አደሰው፣ ቁጥሩ በራ። ሌላውን ዕቃ ሶማሌ ተራ ፈለግን። (የተሰረቀ ስፖኪዮህን መልሰህ የምትገዛበት ቦታ የሚለውን የከተማው ቀልድ ታውቁታላችሁ።) እዚያ ከፈረሱ መኪኖች የወጣ ዕቃ ይገኛል፤ በር፣ መብራት፣ የበር እጀታ ከዚያ ቢገዛ ምንም አይደለም። የፍሬን ዕቃ ግን ከዚያ አይገዛም።

ቀለም መጨረሻ ነው

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቀለም ነው። ባትላሜራው ጋ ይወስዳታል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ትቀባለች፣ ፎቶ ትነሳለች። ከዚያ ገንዘቡ ያልቅና ቀለሟ እያበራ ቆማ ትቀራለች። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት።

መጀመሪያ ቁልፍ አታዙሩ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጡ ደርቋል። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምሩ፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ፑሌጃውን በመፍቻ በእጅ አዙሩ። ከዞረ ተስፋ አለ። የቆየ ቤንዚን ይበላሻል፣ ታንኩ ይራገፍ። የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው ይቀየር፤ ካቴናው የሚኖረው በዘይት ነው ብለናል። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከነበረ ዝገቱ ታጥቦ ይውጣና ኩላንት ይሞላ። የሽቦዎቹን ነገርም አደራ፤ ሸራ ስር የኖረ አይጥ ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ቀጥሎ ፍሬን። የፊቱ ዲስክ ይዝጋል፣ የኋላው ታምቡር ይጣበቃል፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይደርቃል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ የግድ ይቀየር፤ የጎማ ቱቦዎቹ ከተሰነጠቁ እነሱም። መሪዋ ዞሮ ከሆነ ፔዳሉና የፍሬኑ ማገዣ በሚገባ መታሰራቸውን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለዚህ ይሁን። ያልተቀባች መኪና ታሳፍር ይሆናል፤ የማትቆም መኪና ግን የምትገጨው የሰው ልጅ ነው።

ከዚያ ጎማ። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 3412 ካለ እ.ኤ.አ. በ2012 በ34ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። (በእኛ አቆጣጠር 2012 አይደለም፣ ሻጩ እንዳያታልላችሁ!) ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም የተሰነጠቀ ጎማ ጎማ አይደለም።

ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ቀለም… እነሱ ይደርሳሉ። ደመወዝ በመጣ ቁጥር አንድ አንድ እያሉ።

ሌላ አትመጣም

«ይህን ሁሉ ከምትለፉ ሸጣችሁ ሌላ ብትገዙስ?» ይህ ጥያቄ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ልክ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜን መጠየቅ ጀመረ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ግብሩ ጨመረ፣ ከመኪናው ዋጋም በለጠ። አሮጌ ቪትዝ ማስገባት አከተመ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና እንደማይገባ አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮት ሄደ። ጃፓን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2020 ቪትዝ የሚለውን ስም ትታ ያሪስ ብላታለች።

የኤሌክትሪክ መኪናውን ሐሳብ አልቃወምም። ቤንዚን በዶላር የሚገዛ፣ መብራት ግን ከወንዙ የሚያወጣ አገር ቢያስበው አይገርምም። አየሩም ለሁላችንም ነው፤ ጭስ የምትተፋ ቪትዝ አስነስቶ «ቅርስ አዳንኩ» ማለት አይቻልም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የሚችለውና በ1990ዎቹ ዕቁብ ጥሎ ቪትዝ የገዛው አንድ ሰው አይደለም። ለዚያ ሰው ሌላ ቪትዝ አትመጣም። ያሉት ያሉት ናቸው፤ አንዷ በፈረሰች ቁጥር ቁጥራቸው በአንድ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ዛሬ የስልክ ታክሲ ሆነው ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ለዚህ ነው ሸራ ስር ያለችውን ማንሳት ከትርፍ ጊዜ ሥራ በላይ የሚሆነው።

ታዲያ ልባችሁ ከተነሳ መጀመሪያ የምትጠይቁት ቁልፉን ሳይሆን ሊብሬውን ይሁን። በስሙ ያለው ማነው? ሰውየው አርፎ ከሆነ ወራሾቹ ተስማምተዋል? የሻንሲ ቁጥሩ መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ስንት ዓመት ቦሎ አልተለጠፈባትም? ሞተር ይጠገናል፣ ፍሬን ይታደሳል፤ ወረቀቷ የተበላሸ መኪና ግን በየትኛውም ጋራዥ አትሠራም። ወረቀቱ ደህና ከሆነ ሸራውን ግለጡት።