ጃፓን ሴት ልጅ መውለድ የፈራችበት ዓመት

አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳናዎች ሮጦ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ከወሰደ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ቶኪዮንና ኦሳካን ማገናኘት ከጀመረም እንዲሁ። ከጦርነት አመድ የተነሳችው ጃፓን ለዓለም ሬዲዮ፣ መርከብና መኪና እየሸጠች ነው። ሕዝቧ የተማረ ነው፤ ፋብሪካዋ ሌት ተቀን ይሠራል። በዚህች አገር በ1966 አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ልጅ ጠፋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1965 በጃፓን 1,823,697 ሕፃናት ተወልደው ነበር። በ1966 ቁጥሩ 1,360,974 ላይ ወረደ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሩብ ያህሉ ቀረ ማለት ነው። በ1967 ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ 1,935,647 ወጣ። በዚያ ዓመት ጦርነት አልነበረም፤ ረሃብ አልነበረም፤ ወረርሽኝም አልገባም። ምክንያቱ ፈረስ ነበር።

1966 በጃፓኖች አጠራር "ሂኖኤ ኡማ" ነው፤ የእሳት ፈረስ ዓመት። በየ60 ዓመቱ አንዴ ይመጣል። በዚህ ዓመት የተወለደች ሴት ቁጡና እልኸኛ ትሆናለች፣ ባሏንም ትበላለች ይላል እምነቱ። በእኛ ቋንቋ "ገፊ" እንደማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጆች በዚያ ዓመት ላለመውለድ ወሰኑ። የሚፈራው ሴት ልጅን ነበር፤ ነገር ግን ያኔ የፅንስን ፆታ አስቀድሞ የሚያሳይ መሣሪያ በየሆስፒታሉ አልነበረም። ሴቷን ለማስቀረት ሲባል ወንዶቹም አብረው ቀሩ።

በሌላው የዓለም ክፍልም ሰዎች በልደታቸው ቀን ዕጣቸውን ይጠይቃሉ። በለንደንና በኒውዮርክ ጋዜጣ ገልጦ "ኮከቤ ዛሬ ምን ይላል?" የሚለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ አንድም የምዕራብ አገር "ዘንድሮ የአቅራብ ወር መጥፎ ነው" ብሎ ሩብ ልጆቹን አላስቀረም። ሁለቱም እምነቶች በ12 ምልክት ይሠራሉ፤ ሁለቱም በልደት ላይ የቆሙ ናቸው። ታዲያ አንዱ የሕዝብ ቁጥርን የሚያናውጥ፣ ሌላው የጋዜጣ ማጣፈጫ የሆነው ለምንድን ነው?

*ኮከብ የሌለበት ኮከብ ቆጠራ*

መጀመሪያ አንድ ነገር መጥራት አለበት። የቻይናው ቆጠራ እንደ ምዕራቡ ሰማይን አይቶ የሚሠራ አይደለም። አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ድራጎን፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ዝንጀሮ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ አሳማ እየተባለ ዓመታቱ በተራ ይሰየማሉ። ቬትናሞች በጥንቸሏ ቦታ ድመት ያስገባሉ እንጂ ተራው ያው ነው። በእነዚህ 12 እንስሳት ላይ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ የሚባሉት አምስት ባሕርያት እየተፈራረቁ ይደረባሉ። እያንዳንዱ ባሕርይ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ስለሚቆይ አንድ እንስሳ ከአንድ ባሕርይ ጋር ዳግም የሚገናኘው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ፈረስ በራሱ የእሳት እንስሳ ነው ይባላል፤ በእሳት ዓመት ሲመጣ በእሳት ላይ እሳት ሆነ።

ባለ 60ው ቆጠራ እጅግ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1,200 ዓመታት ገደማ ጀምሮ በተጻፉ የሻንግ ሥርወ መንግሥት የአጥንት ጽሑፎች ላይ ቀን ለመቁጠሪያ አገልግሏል። እንስሳቱ የተጨመሩት በኋላ ነው። በ1975 ሁቤይ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በ217 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከተዘጋ መቃብር የወጡ የቀርከሃ ጽሑፎች የእንስሳት ዝርዝር ይዘዋል። የሚገርመው የዝርዝሩ ጥቅም ነው፤ ሌባ ለመለየት ነበር። ስርቆቱ የተፈጸመበት ቀን የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ታይቶ የሌባው መልክ ይገመታል።

ተጠራጣሪም አልጠፋም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ፈላስፋ ዋንግ ቾንግ፣ አይጥ የውሃ፣ ፈረስ የእሳት ከሆነና ውሃ እሳትን የሚያሸንፍ ከሆነ፣ አይጥ ፈረስን ሲያባርር ያልታየው ለምንድን ነው ብሎ ተሳልቋል። ጥያቄው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

የምዕራቡ ግን በእርግጥም ከሰማይ ይነሳል። የባቢሎን ሰዎች ፀሐይ በዓመት የምትዞርበትን መንገድ እያንዳንዱ 30 ዲግሪ በሆነ 12 ክፍል ከፈሉት። እስካሁን ከተገኙት የልደት ኮከብ ሰነዶች የመጀመሪያዎቹ የ410 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ናቸው። ግሪኮች ወሰዱት፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው በጥሊሞስ በመጽሐፍ አደላደለው፤ ዐረቦች አሳደጉት፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓን አዳረሰ። ይኸው ወንዝ በሌላ ቦይ ወደ ኢትዮጵያም ፈስሷል። በአውደ ነገሥት የምናገኛቸው ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ የሚሉት ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የለንደኑ ጋዜጣ አንባቢና የጎንደሩ ደብተራ፣ ሳይተዋወቁ የአንድ አያት ልጆች ናቸው።

*ከነገሥታት እልፍኝ ወደ እሑድ ጋዜጣ*

የምዕራቡ ኮከብ ቆጠራ ለብዙ ዘመን የባለጸጋ ነገር ነበር። የተወለድክበትን ሰዓትና ቦታ የሚያውቅ፣ ሠንጠረዥ የሚያነብ፣ የሚከፈለው ሰው ያስፈልጋል። ለሁሉም ሰው የተዳረሰው በ1930 ነው ማለት ይቻላል። በነሐሴ ወር ልዕልት ማርጋሬት ስትወለድ ሰንደይ ኤክስፕረስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ናይለር የሚባል ኮከብ ቆጣሪ ስለ ሕፃኗ ዕጣ እንዲጽፍ አደረገ። አንባቢው ወደደው። በጥቅምት ናይለር በብሪታንያ አውሮፕላኖች ላይ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ጻፈ። ጽሑፉ በወጣበት ዕለት አር 101 የተባለው ግዙፍ የአየር መርከብ ፈረንሳይ ላይ ወድቆ 48 ሰዎች ሞቱ። ናይለር የጠቀሰው ጊዜ ከዚያ ዕለት በኋላ የሚመጣ ሳምንት ነበር፤ ይህን ግን ማን ልብ ይላል? ዝናው ናኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንባቢውን ሁሉ በፀሐይ ምልክት ለ12 ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጥቂት መስመር የሚሰጠው ዓምድ ተወለደ። የዛሬው "ኮከብህ ምንድን ነው?" የሚለው ጨዋታ የመቶ ዓመት ዕድሜ እንኳ የለውም።

ኃይል የለውም ማለት አይደለም። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን በጥይት ከቆሰሉ በኋላ ባለቤታቸው ናንሲ የሳን ፍራንሲስኮዋን ኮከብ ቆጣሪ ጆአን ኩዊግሊን ማማከር ጀመሩ። የፕሬዚዳንቱ የጉዞና የስብሰባ ቀናት በእርሷ ምክር ይቀያየሩ እንደነበር በ1988 ያጋለጡት የዋይት ሐውስ ዋና ኃላፊ የነበሩት ዶናልድ ሬገን ናቸው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ነገሩ በምስጢር ተይዞ ነበር፤ ሲወጣም አሳፈረ። የምዕራቡ ኮከብ የግል ጉዳይ ነው። ለአንድ ሰው ይነገራል፣ አንድ ሰው ያምናል ወይም ይስቃል፣ ጋዜጣው ታጥፎ ይቀመጣል። ሰውየው ካልተናገረ ኮከቡን ማንም አያውቅበትም።

የእንስሳው ዓመት እንዲህ አይደለም። ዕድሜህን የሚያውቅ ሁሉ ያውቅብሃል። የትምህርት ቤት ጓደኞችህ ይጋሩሃል። በቤተሰብ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ለጋብቻ ሲታሰብ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

*ያላመኑትም ፈሩ*

የእሳት ፈረስ ፍርሃት ከሴት ልጅ ጋር የተጣበቀው በጃፓን ነው። ቆጠራውን ቻይና ሰጠች፤ ይህን ፍርሃት ግን ጃፓን ራሷ ሠራችው። ታሪኩ ኦሺቺ ከምትባል የአትክልት ነጋዴ ልጅ ጋር ይያያዛል። በ1682 ማብቂያ ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) በእሳት ጋየች። ቤተሰቧ በተጠለለበት ገዳም ኦሺቺ አንድ ወጣት ወደደች። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ ሌላ እሳት ቢነሳ ዳግም አገኘዋለሁ ብላ እሳት ለኮሰች ይባላል። በ1683 በእሳት ተቃጥላ እንድትሞት ተፈረደባት። ደራሲዎችና የአሻንጉሊት ተውኔት ሠሪዎች ተቀባበሏት። የተወለደችው በ1666፣ በእሳት ፈረስ ዓመት ነው የሚለውም ወሬ አብሮ ዞረ። አንዲት በፍቅር የነደደች ልጅ በየ60 ዓመቱ ለሚወለዱ ሴቶች ሁሉ ክስ ሆነች።

ከ1966 በፊት የነበረው የእሳት ፈረስ 1906 ነው። ያኔ ሰው ከ1966 ይልቅ ለባህላዊ እምነት የቀረበ ነበር፤ ነገር ግን የልደት ቁጥር የቀነሰው በጥቂቱ ነው። ይልቁን ብዙዎች ልጃቸውን ወልደው የልደት ቀኗን ቀየሩ። በመዝገብ ላይ የ1906 ሴቶች ከወንዶች አንጻር ያለ ልማድ ጎደሉ፤ የ1907 ሴቶች በዙ። መዝገብ ያልዳኗቸው ልጆች ግን ለጋብቻ ሲደርሱ መከራቸውን አዩ። "የእሳት ፈረስ ናት" እየተባለ የሚጠይቃቸው ታጣ።

1966 ሲደርስ ሦስት ነገሮች ተቀይረው ነበር። አንደኛ፣ የእርግዝና መከላከያ ተስፋፍቶ ነበር፤ ከ1948 ጀምሮም ሕጉ በተወሰኑ ምክንያቶች ፅንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ስለ ፈረሱ አስቀድመው አወሩ። አጉል እምነት ነው የሚሉት እንኳ ያልሰማው እንዲሰማ አደረጉ። ሦስተኛ፣ የ1906 ሴቶች ገና በሕይወት ነበሩ፤ የ60 ዓመት አክስቶችና አያቶች። ወላጆች የደረሰባቸውን አይተዋል።

እንግዲህ የ1966 ወላጅ ፈረስን ማመን አላስፈለገውም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወደፊቷ አማት ታምናለች ብሎ መስጋት። "እኔ እንኳ ግድ የለኝም፤ ልጄ ነገ ባል ብታጣስ?" ይህ የእምነት ጥያቄ ሳይሆን የጥንቃቄ ጥያቄ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ሲበዛ፣ አማኝ በሌለበት አገርም እምነቱ ይነግሣል። ትምህርት ይህን አያስቀረውም። መጽሐፍ ማንበብ የራስን ፍርሃት ያስለቅቃል እንጂ የጎረቤትን ወሬ አያስቆምም።

የድራጎን ዓመትም በተቃራኒው ይህንኑ ይመሰክራል። ድራጎን የኃይልና የዕድል ምልክት ስለሆነ በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግና በሲንጋፖር ቻይናውያን ዘንድ በ1976 እና በ1988 የልደት ቁጥር ከፍ ብሏል። እነዚያ "ዕድለኞች" ልጆች ግን ትምህርት ቤት ሲገቡ ከብዙ ድራጎን ጋር ወንበር ተሻሙ። በአንጻሩ የ1966 ጃፓናውያን ፉክክሩ ቀለል ያለ፣ አነስተኛ ትውልድ ሆነው አደጉ። ዕድለኛ የተባለው ተጨናነቀ፤ እድለ ቢስ የተባለው ሰፊ ቦታ አገኘ።

የእኛም አገር ከዚህ ሙሉ በሙሉ የራቀ አይደለም። ዓመታትን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ እንሰይማለን። ነገር ግን ስሙ ለዘመኑ ነው፤ በዘመነ ማርቆስ ስለተወለደች ብቻ ባል ያጣች ሴት የለችም። በአውደ ነገሥት ደግሞ ኮከብ የሚወጣው ከልደት ዓመት ሳይሆን ከራስና ከእናት ስም ፊደላት ተደምሮ፣ በ12 ተገድፎ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ካልተጠየቀ ኮከቡ አይታወቅም። ያም ሆኖ "ኮከባቸው አልገጠመም" ተብሎ የፈረሰ እጮኝነት፣ "ገፊ" ተብላ በየለቅሶው በጎሪጥ የታየች መበለት አለች። ማኅበረሰቡ ምልክቱን አንዴ ካነበበባት እውነት ይሁን ሐሰት ግድ አይሰጠውም።

*ፈረሱ ሲመለስ*

በ1966 አንዲት ጃፓናዊት በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ስሌት 1.58 ነበር። የፈረሱ ሥራ ነው ተብሎ ታለፈ። በ1989 ግን ያለ ምንም ፈረስ 1.57 ሆነ። በዓመቱ ቁጥሩ ሲነገር አገሪቱ ደነገጠች፤ "የ1.57 ድንጋጤ" የሚል ስምም ወጣለት። በ2024 ወደ 1.15 ወርዶ የተወለዱት 686,061 ብቻ ነበሩ። በእሳት ፈረስ ዓመት ከተወለዱት ግማሽ ያህል ማለት ነው። ዘንድሮ፣ በ2026፣ የእሳት ፈረስ ተራውን ጠብቆ ተመልሷል። የሚያስፈራራው ሰው ግን እየቀነሰበት ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ሰዓትና የብቸኝነት ኑሮ ቀድመውታል።

በመስከረም 1966 ከተወለዱት ልጆች አንዷ የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጅ ነበረች፤ ስሟ ኪኮ። በ1990 የንጉሠ ነገሥቱን ሁለተኛ ልጅ ልዑል አኪሺኖን አገባች። በጃፓን ሕግ ዙፋኑን የሚወርሰው ወንድ ብቻ ነው፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ በንጉሣዊው ቤተሰብ ወንድ አልተወለደም ነበር። ከ41 ዓመታት በኋላ፣ በ2006፣ ወንድ ልጅ የወለደችው ይህችው የእሳት ፈረስ ልጅ ናት። ልጇ ሂሳሂቶ ዛሬ የዙፋኑ ሁለተኛ ወራሽ ነው። የመጀመሪያው ወራሽ፣ ትበላዋለች የተባለው ባሏ ነው፤ ከ35 ዓመት ትዳር በኋላም አብሯት አለ።