በዋግ ኽምራ ሙዚቃን በአካል ተገኝቶ ማዳመጥ፣ አዳዲስ ድምፃውያንን ማወቅ እና የከዋኞች መብት

ሰቆጣ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በብሔረሰብ አስተዳደሩ ውስጥ ከሚገኙት ወረዳዎች መካከል ሰቆጣ ዙሪያ፣ ደሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ፣ አበርገሌ፣ ሳህላ እና ፃግብጂ ይጠቀሳሉ። በእነዚህ ደጋና ቆላ አካባቢዎች ሙዚቃ በብዛት የሚሰማው ትኬት ተቆርጦ በሚገባበት አዳራሽ ሳይሆን በበዓል አደባባይ፣ በሠርግ ዳስ፣ እንዲሁም በጠላና በጠጅ ቤት ነው። አዲስ ድምፃዊ ማወቅ የሚፈልግ ታዳሚም ሆነ ችሎታውን ለሕዝብ ለማቅረብ የሚሻ ወጣት ስለ ወቅቱ፣ ስለ ልማዱና በሕግ ስለ ተጠበቁት መብቶች ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች ከዚህ በታች ተብራርተዋል።

ዘፈን የሚሰማበት ወቅት

በአካባቢው ዘፈንና ጭፈራ ከአጽዋማትና ከእርሻ ሥራ ጋር በተሳሰረ ሥርዓት ይካሄዳሉ። በዓቢይ ጾም ሠርግም ሆነ ዘፈን ይቆማል። ሠርግ የሚበዛው በጥር ወር ሲሆን ጥር 11 ቀን የሚከበረው ጥምቀትና ማግስቱ ወጣቶች ታቦታቱን በሆታና በጭፈራ አጅበው የሚሸኙባቸው ቀናት ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው ፊቱን ወደ እርሻው ስለሚመልስ ድግሱ ይቀንሳል። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ቀን ሲፈታ ደግሞ የዋግ ትልቁ የዜማ በዓል፣ ሻደይ፣ ይጀምራል።

ስለዚህ ለሙዚቃ ብሎ ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ እንግዳ ጥርን ወይም የነሐሴን አጋማሽ ቢመርጥ ይጠቀማል። በመጋቢት የመጣ ሰው በብዛት የሚያገኘው ዜማ የቤተ ክርስቲያኑን ጾመ ድጓ ነው። ይህም ራሱን የቻለ ታላቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም።

ነሐሴ የክረምት ወር በመሆኑ መንገዶች በዝናብና በናዳ ሊቋረጡ ይችላሉ። ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት የመንገዱንና የፀጥታውን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደር ወይም ከትራንስፖርት መናኸሪያ ማጣራት ይኖርባቸዋል።

ሻደይ

በዓሉ ስሙን ያገኘው ልጃገረዶች በወገባቸው ዙሪያ ከሚያስሩት ለምለም ረዥም ቅጠል ነው። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓል ከሻደይ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በሃይማኖታዊ ትርጓሜው ከእመቤታችን ማርያም ዕርገት ጋር ይያያዛል።

ልጃገረዶቹ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ተኩለውና በድሪና በመስቀል አጊጠው በሰፈር በሰፈር ይሰባሰባሉ። አንዷ ከበሮ ትይዛለች፤ አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የቤቱን ባለቤት፣ እመቤቲቱንና ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ያወድሳሉ። የተወደሰው ባለቤት ገንዘብ ወይም ሌላ ስጦታ ይሰጣል፤ ልጃገረዶቹም መርቀው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ።

አዲስ ድምፅ ለሚፈልግ አድማጭ ከሁሉ የበለጠው ስፍራ ይህ ነው። አውጪዋ የያዘችው የተጻፈ ግጥም የለም። የቤቱን ባለቤት ስም በሰማችበት ቅጽበት ከስሙ ጋር ቤት የሚመታ ስንኝ ማግኘት አለባት፤ ስንኙ ቢዘገይ ከበሮው ይቀድማታል፤ ቢሰነካከል ጓደኞቿ ይሥቃሉ። በዚህ ፈተና ውስጥ ሦስትና አራት ቀን የሰነበተች ልጅ ችሎታዋ በሰፈሩ ሁሉ ይታወቃል። በከተማው አደባባይ በሚዘጋጀው መድረክ ላይ ግን ድምፅ ማጉያው፣ የክብር እንግዶች ንግግርና የታዋቂ ድምፃውያን ዝግጅት ስለሚበዙ የሰፈር አውጪዎች ድምፅ እምብዛም አይለይም። መድረኩን ብቻ አይቶ የተመለሰ ታዳሚ ሻደይን አየ እንጂ ሰማ ለማለት ያስቸግራል። ጠዋት ወደ ሰፈሮቹ ወጣ ብሎ፣ በአንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ አንድን ቡድን ከመጀመሪያ እስከ ምርቃት መከታተል ይመከራል። እንግዳም ቢሆን ከተወደሰ የመስጠት ልማዱን ሊያከብር ይገባል።

አዝማሪና ተቀበል

አዝማሪ አንድ የጭራ አውታር ባላት ማሲንቆ እየታጀበ በቦታው የሚገጥም ባለሙያ ነው። በጠጅ ቤትም ሆነ በሠርግ ዳስ አድማጩ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተመልካች አይደለም። «ተቀበል» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ አንድ ስንኝ አክሎ ይመልሳል። ስንኙ ሰም ለበስ ከሆነ ወርቁን የሚፈታው ሌላው ታዳሚ ነው።

አዝማሪው የሚተዳደረው በዋናነት በሽልማት ነው። ገንዘብ በግንባሩ ላይ መለጠፍ ወይም በእጁ መስጠት የተለመደ ሲሆን ሽልማቱ ከውዳሴው በኋላ ይከተላል። ታዳሚው ሲወደስ ቆይቶ ያለ ሽልማት ቢወጣ አዝማሪው በሚቀጥለው ስንኝ ሊሸነቁጠው ይችላል፤ ይህ በልማዱ ነውር አይደለም፣ ቅር መሰኘትም አያስፈልግም።

የዘፈኑ ቋንቋ

በዋግ ኽምራ በአማርኛም በኽምጣናም ይዘፈናል። ኽምጣና፣ ኽምጥኛም የሚባለው፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ከአዊኛ፣ ከብሌንና ከቅማንትኛ ጋር ይዛመዳል። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በዚህ ቋንቋ ስርጭት ያለው በመሆኑ በአካል መገኘት ያልቻለ ሰው የኽምጣና ዘፈኖችን በዚያ በኩል ሊከታተል ይችላል።

ቋንቋውን የማያውቅ ታዳሚ አጠገቡ ካለ ሰው ትርጉሙን ቢጠይቅ ደስ ብሎት የማያስረዳ አይገኝም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ለዘፋኙም ይጠቅማል፦ በኽምጣና የሚገጥም ወጣት አድማጭ አጥቶ ወደ አማርኛ ብቻ እንዳያዘነብል የሚያደርገው ግጥሙን ለመረዳት የሚተጋ ታዳሚ መኖሩ ነው።

ከሰፈር ወደ መድረክ

ከወረዳ ተነሥቶ በአገር ደረጃ መታወቅ በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ዋግ በቀድሞው የአስተዳደር አከላለል በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረ አውራጃ ሲሆን በዘመኑ በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በክፍለ ሀገሩ ደረጃ የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ወጣት ድምፃውያንን እየመለመሉ ያሠለጥኑ ነበር። ደሴ ላይ የነበረው የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥሩ ነው። በአምባሰል ዜማዋ በአገር ውስጥም በውጭም የምትታወቀው ማሪቱ ለገሰ ከዚህ ቡድን ከወጡት መካከል ናት። አምባሰልና ባቲ፣ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ተብለው የሚጠሩት ሁለቱ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ቦታዎች እንደሆነ ልብ ይሏል።

ዛሬ የቀድሞውን የኪነት ቡድን ሚና በከፊል የተካው የእጅ ስልክ ነው። በሰፈር የተዘፈነ ዘፈን በዚያው ዕለት ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ሰቆጣን ረግጦ ለማያውቅ ሰው ይደርሳል። ይህ ለአዳዲስ ድምፃውያን ሰፊ በር ከፍቷል። ነገር ግን ኪነት ቡድኑ ዘፋኙን በስሙ አስመዝግቦ ወደ መድረክ ያወጣው ነበር፤ ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ ድምፁን ወስዶ ስሙን ይተወዋል። የሕጉ ጉዳይ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው።

በሕግ የተጠበቁ መብቶች

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ሁለት የተለያዩ መብቶችን ይጠብቃሉ። አንደኛው ግጥሙን ወይም ዜማውን የፈጠረው ሰው፣ ማለትም የሥራው አመንጪ፣ መብት ነው። ሁለተኛው ሥራውን በድምፁ ወይም በመሣሪያው ያቀረበው ሰው፣ በአዋጁ አጠራር የከዋኙ፣ መብት ነው። በሻደይ ወይም በአዝማሪ ዘፈን ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ስለሚገናኙ ልዩነታቸው ሳይታወቅ ይቀራል፤ ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም።

አመንጪው ጥበቃ ለማግኘት ሥራውን ማስመዝገብ አይጠበቅበትም። ሆኖም አዋጁ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ሥራው ወጥ ማለትም የራሱ ፈጠራ መሆን፣ እና ግዙፍነት ማግኘት። ግዙፍነት ማግኘት ማለት በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ተቀርጾ መቀመጥ ማለት ነው። በቃል ብቻ ተነግሮ ያለፈ ስንኝ፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በአመንጪነት መብት ለማስከበር ያስቸግራል። በቅጽበት የመግጠም ባህል ባለበት አካባቢ ይህ ድንጋጌ ከባድ ውጤት አለው። ለምሳሌ አንዲት አውጪ በነሐሴ 16 ያወጣችውን ስንኝ ሌላ ሰው ሰምቶ በከተማ ስቱዲዮ ቢያስቀርጸው፣ ስንኙ የእርሷ መሆኑን የምታስረዳበት ማስረጃ ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ ገጣሚዎችና ድምፃውያን አዲስ ሥራቸውን በተቻለ ፍጥነት በደብተር ቢጽፉ ወይም በራሳቸው ስልክ ቢቀርጹ፣ ቀኑንና ስማቸውንም ቢመዘግቡ ይጠቀማሉ። በቤተሰብ ውስጥ አንድ ስልክ ካለ ለዚህ ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዛውንት ከዋኞች በልጆቻቸው ወይም በጎረቤት ተማሪ እጅ ሊያስጽፉ ይችላሉ።

የአመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኙ መብትም ለ50 ዓመት ይቆያል። ያልተቀረጸ ክዋኔን ለመቅረጽ፣ የተቀረጸውን ለማባዛትና ለማሰራጨት የመፍቀድ መብት የከዋኙ ነው። አድማጭ ለግል ማስታወሻው የሚያደርገው ቀረጻና ለሕዝብ የሚለቀቅ ወይም ገቢ የሚገኝበት ቀረጻ አንድ አይደሉም፤ ለሁለተኛው የዘፋኙን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ከትውልድ ወደ ትውልድ የወረደ የሕዝብ ዜማ የአንድ ግለሰብ የብቻ ሀብት አይደለም። ማንም ሊዘፍነው ይችላል። በዜማው ላይ የተጨመረ አዲስ ግጥም ወይም አዲስ ቅንብር ግን የጨመረው ወይም ያቀናበረው ሰው ሥራ ሆኖ ሊጠበቅ ይችላል።

የፎቶግራፍና የቪዲዮ ጉዳይ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግም ይመለከታል። በሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ አይፈቀድም። አንቀጽ 28 በአደባባይ የተከናወኑ በዓላትንና ሁነቶችን በሚመለከት ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ስለሆነም የሻደይን ጉባኤ በአጠቃላይ ማንሣት የአንዲትን ልጅ ፊት ለይቶ አንሥቶ ለማስታወቂያ ከማዋል የተለየ ነው። ከአውጪዎቹ ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ በመሆናቸው ፈቃዱ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ውል ስለመዋዋል

የኢኮኖሚ መብትን ለሌላ ማስተላለፍ ወይም የመጠቀም ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት። አሳታሚ፣ ስቱዲዮ ወይም የቪዲዮ አዘጋጅ ለወጣት ድምፃዊ ውል ሲያቀርብ ውሉ የትኛውን ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኞቹ መንገዶችና በምን ያህል ክፍያ እንደሚመለከት በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል። «ሁሉንም መብት ለዘለዓለም» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለበት ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት የሕግ ባለሙያ ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው ማማከር ያስፈልጋል። በመኪና ወጪ መሸፈኛና በአንድ ምሳ የተፈረመ ውል በኋላ ለመሻር አስቸጋሪ ይሆናል።

አገልግሎት ስለሚገኝባቸው ተቋማት

በየወረዳውና በብሔረሰብ አስተዳደሩ ደረጃ ያሉት የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች የበዓል ዝግጅቶችን ቀንና ቦታ፣ እንዲሁም በአካባቢው ስለሚገኙ የባህል ቡድኖች መረጃ ለመጠየቅ የቅርብ አድራሻ ናቸው። በባህል ቡድን ለመታቀፍ የሚፈልግ ወጣትም መጀመሪያ ሊሄድ የሚገባው ወደዚያው ነው፤ ሲሄድ የራሱን ሥራ የያዘ አጭር ቀረጻ ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ ይቀልለታል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን በሚመለከት ኃላፊነት ያለው የፌዴራል ተቋም በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሥራን በባለሥልጣኑ ማስመዝገብ ለመብቱ መኖር ቅድመ ሁኔታ ባይሆንም በክርክር ጊዜ በማስረጃነት ያገለግላል። አዋጅ ቁጥር 872/2007 የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሥራቸው በመገናኛ ብዙኃንና በንግድ ቤቶች ሲሰማ የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን ሥርዓት አስቀምጧል።

መብቱ የተጣሰበት ከዋኝ በመጀመሪያ የተለቀቀውን ቀረጻ ከተለቀቀበት ቀንና ከለቀቀው ገጽ ስም ጋር በማስረጃነት ይያዝ። ሥራውን ሲያወጣ የነበሩ ሰዎችን ስም ይመዝግብ። ገጹ ቀረጻውን እንዲያወርድ ወይም ስሙን እንዲጠቅስ በጽሑፍ ይጠይቅ። ምላሽ ካላገኘ ጉዳዩን ለባለሥልጣኑ ማመልከት ወይም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ቀረጻን ለሕዝብ የሚያጋራ ታዳሚም ቢያንስ የዘፋኙን ስም፣ የተዘፈነበትን ቦታና ቀን ከቪዲዮው ሥር ቢጽፍ ድምፃዊቱን በዋግ ላልነበሩ አድማጮች ያስተዋውቃታል፤ የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሣም ለእርሷ ማስረጃ ይሆናል።