ተጋላጭነት

«ተጋላጭነት» ሥሩ «ገለጠ» ነው፤ ተጋላጭ ማለት መሸፈኛው ተነስቶ ለሚመጣው ነገር ገላጣ የሆነ ማለት ነው። ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚያቀናው ደጋ የሚያርስ ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል። ውርጭ ባደረበት ሌሊት ረባዳው ላይ ያለው ገብስ ሲመታ ከፍታው ላይ ያለው ይተርፋል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ይተኛልና። ውርጭ ካልመጣ ግን ረባዳውም ያፈራል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ቃሉን የሚይዙት በዚህ ትርጉም ነው። ጆሴፍ ዙቢንና ቦኒ ስፕሪንግ በ1977 እ.ኤ.አ. ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም ሲያስረዱ፣ ሕመሙ የሚነሳው ሰው ይዞት የሚኖረው ተጋላጭነት ከኑሮ ጫና ጋር ሲገጥም ነው አሉ። ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመምም እንዲሁ ይታያል፤ ሁለቱ ሕመሞች በዘር የሚጋሩት ብዙ ነው። አንድ ወላጁ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ልጅ የመታመም ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው። «በዘራቸው አለ» ብሎ ጋብቻ የሚያፈርስ ሽማግሌ የቀሩትን 90ዎቹን አይቆጥርም። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው ብዙ ጊዜ ሳይታመም ይቀራል።

ተጋላጭነት ከ«ስርጭት»ም ይለያል። በቡታጅራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከ1,000 ሰው 5 ገደማ ስኪዞፍሬኒያ እንደገጠመው ታውቋል። ይህ የታመሙት ቁጥር ነው፤ ገላጣ ሆነው ውርጭ ያላገኛቸው አልተቆጠሩም።