«ልብ በሉ» ስንል የሚሠራው አንጎል ነው

«ከእንግዲህ ፊደል በእኔ ጭንቅላት ይገባል?» የሚል ሰው በመካከላችሁ አለ? እስቲ ይህን ታሪክ ያንብብ።

እኛ «ልብ በሉ» እንላለን። ታዲያ የሚያስበው ልብ ነው? በጥንት ዘመን ግሪካዊው አርስቶትል እንዲያ ይል ነበር። የሂፖክራተስ ወገን ሐኪሞች ግን የሚያስበው አንጎል ነው አሉ። እውነቱም የእነሱ ሆነ።

አንጎል አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ዋና ዋና ክፍሎቹ ሦስት ናቸው። ትልቁ አንጎል ያስባል፤ ያስታውሳል። ከሥሩ በስተኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛን ይጠብቃል። የጎሬ ገበሬ ቀፎ ሊሰቅል ረጅም ዛፍ ሲወጣ እጅና እግሩን የሚያስተባብርለት እሱ ነው። የአንጎል ግንድ ደግሞ ተኝተን እንኳ ትንፋሻችንንና የልባችንን ምት ይቆጣጠራል።

በ1853 ዓ.ም. በፓሪስ ብሮካ የተባለ ሐኪም አንድ በሽተኛ አየ። ሰውየው የሚነገረውን ይረዳል፤ ራሱ ግን «ታን» ከማለት በቀር እምብዛም አይናገርም። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲታይ በግራ በኩል የፊተኛው ክፍል ተጎድቶ ተገኘ። ለንግግር የሚያገለግል ቦታ በዚህ ታወቀ።

ፊደልስ? በ2003 ዓ.ም. የብራዚልና የፖርቱጋል ጎልማሶች ተጠንተው ነበር። ካደጉ በኋላ ማንበብ የተማሩትም ሰዎች አንጎል ተለውጦ ተገኘ። በግራ በኩል ወደ ኋላ ያለው ፊደል የሚለይ ቦታ በርትቶ ነበር።

በአገራችንም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ሚሊዮኖች በጎልማሳነታቸው ፊደል ቆጥረዋል። ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ «ጊዜዬ አልፏል» አትበሉ። ይህን ገጽ እዚህ ድረስ ያነበበው የእናንተው አንጎል ነው እኮ!