ቆጵሮስ ደርሰው የመጡት ተሳፋሪዎቼና የደቅ ገበሬ

ማክሰኞ ማታ ከዴንቨር ኤርፖርት ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ጫንኩ። ወደ አውሮራ ነው የሚሄዱት። ከቆጵሮስ መመለሳቸው ነው፤ እኛ የበርናባስ አገር ብለን ከሐዋርያት ሥራ የምናውቃት ደሴት። ፔንያ ቡሌቫርድን ሳንጨርስ ሴትዮዋ ያደሩበትን የገበሬዎች መንደር ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። አንዱ ላይ ሆዱ በሙሉ የባልጩት ስለት የተተከለበት ሳንቃ አለ። ድሮ በሬ አውድማ ላይ እየጎተተው እህል ይወቃበት ነበር። አሁን የእንግዳ ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«እናንተም አገር እንዲህ ዓይነት ኑሮ ነበር?» አለኝ ባልየው። «ነበር» የምትለዋ ቃል ከነከነችኝ። እኛ ዘንድ በሬው ዛሬም አውድማው ላይ ነው።

ደሴት ሲባል የእኔ ሐሳብ የሚሄደው ጣና ነው፤ ደቅ። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ እሱ ነው። ስለ ደቅ የተጻፈውን ብታነቡ ሁሉም ስለ ናርጋ ሥላሴ ነው። እውነትም ያስደንቃል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠራችው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተስላበታለች። አጠገቡ ዳጋ እስጢፋኖስ የእነ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ ፋሲል አፅም አለ። በግራኝ ዘመን ንዋየ ቅድሳቱ የሸሸው ወደ እነዚህ ደሴቶች ነው። ግን መነኩሴውንም፣ ሸሽቶ የመጣውንም ማን አበላው? ዳጉሳና ጤፍ የሚያርሰው ገበሬ ነዋ! የእሱን ስም የጻፈ የለም። ታሪካችን አፅም መቁጠር ይወዳል።

እኔ ደቅን የረገጥኩት ሰኔ 1995 ነው (እ.አ.አ. 2003)፤ ያኔ ጀማሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ እ.አ.አ. በ1996 ግድብ ተሠርቶ ሁለት በሮች ነበሩት፤ በ2001 አምስት ተጨመሩ። ያኔ ሥራው ቀላል ነበር፤ ክረምት የመጣውን ውሃ ይዞ፣ በጋውን ሙሉ ለጢስ ዓባይ ተርባይኖች እየቆጠበ መልቀቅ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ከፍ ዝቅ እንዲል ነው የታሰበው። ወረቀት ላይ ያምራል። የዚያን ዓመት ግን ዝናቡ አጥሮ ነበር፣ ውሃው ደግሞ ለመብራት ይለቀቅ ነበር፤ ሐይቁ ከ1,785 በታች ወረደ። መርከቦቹ ለወራት ቆሙ። እኛም የሄድነው በትንሽ ሞተር ጀልባ ነው፤ ወርደን ጭቃ ለጭቃ ብዙ ሄድን።

ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ በጥንድ በሬ የሐይቁን ወለል ሲያርሱ አገኘናቸው። አዎ፣ ወለሉን! ውሃው የሸሸበትን ነው የሚያርሱት። «መሬት አገኙ፣ አባቴ» አልኳቸው፣ ደስ ያላቸው መስሎኝ። «ልጄ፣ ይሄ ተመላሽ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ደረቀው ደንገል አመለከቱ። ታንኳ የሚታሰረው በደንገል ነው፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዳር እያወጡ ያደርቁታል፣ ሲያረጅ በአዲስ ይተኩታል። ደንገል ከሌለ እህል የሚሻገርበት፣ ገበያ የሚኬድበት የለም።

«ውሃው እስከ የት ይመለሳል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በኩራት ቁጥሩን ነገርኳቸው፤ 1,787 ሜትር። ዝም ብለው አዩኝና «እስከ የትኛው ድንጋይ?» አሉ።

አላወቅኩም። አምስት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ድንጋዩን አላሳየኝም። ደብተሬን ገልጬ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እ.አ.አ. በ2010 በ460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ሲመረቅ፣ ከዚያም ስለ እምቦጭ ስንጮህ፣ እኔ የማስበው ያንን ድንጋይ ነበር። መብራቱን አልጠላም፤ እናቴ ቤት አምፖል የሚበራው በዚያው ነው። ግን ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው ነበር ወይ?

ይህን ሁሉ ለባልና ሚስቱ ነገርኳቸው። ሃቫና ጎዳና ደርሰን ሳወርዳቸው ሴትዮዋ የደሴቱን ስም ጻፍልኝ ብላ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ጻፍኩላት።

ወገኖቼ፣ ደቅ ወይም ዘጌ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ ደውሉልኝ። ዛሬ የደንገል ታንኳ የሚያስር ሰው አለ? ልጆቹስ ተምረውታል?