ባዮፕሲ

ሐኪም «ባዮፕሲ ያስፈልጋል» ሲል ብዙ ሰው ካንሰር እንደተገኘበት ቆጥሮ ይደነግጣል። ባዮፕሲ ግን ፍርድ አይደለም፤ ምርመራ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1879 ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ኧርነስት ቤኒዬ «ሕይወት» እና «ማየት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት አበጀው፦ ከሕያው አካል ናሙና ወስዶ ማየት። የተወሰደው ቁራጭ ፎርማሊን በተባለ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል፤ በፓራፊን ሰም ከጠጠረ በኋላ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ቀጥኖ ይቆረጣል፤ ከዚያ በቀለም ይነከራል። የሴሉ ኒውክለስ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ይህንን ነው፦ ሴሎቹ ሥርዓታቸውን ጠብቀዋል ወይስ ድንበር ጥሰው አጠገባቸው ወዳለው ጤነኛ ሥጋ ገብተዋል? እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ግን ሁልጊዜ አይለይም። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና የወጣላችሁ እብጠት ሳይመረመር እንዳይጣል ጠይቁ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ተቀብላችሁ አስቀምጡ።