ዜና መምህራነ ብሉይ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ጀምረን፣ ብሉይ ኪዳንን ያነበቡትን፣ የመረመሩትንና ያስተማሩትን የአባቶቻችንን ዜና እንጽፋለን፤ ይልቁንም የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስን፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌንና የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን። የፈረንጅ ሊቃውንት ጸሐፊ አጥተው አያውቁም። የእነዚህን ዜና ግን የጉባኤ ቤት ወገን ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል? ውለታ አለብንና ለእነርሱ አድልተን እንጽፋለን።

አስቀድሞ ስለ መጻሕፍቱ አመጣጥ። ኦሪት ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሦስተኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ፣ ማለት ወደ ግሪክኛ፣ ተመለሰች፤ ነቢያትም ተከተሏት። ይህንን ሥራ የሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ ይሉታል። በአክሱም ነገሥታት ዘመን ክርስትና ከጸና በኋላ መጻሕፍቱ ከጽርእ ወደ ግእዝ ተመለሱ፤ የመለሷቸውን ሰዎች ስም እግዚአብሔር ያውቀዋል። ስለዚህ የእኛ ብሉይ የሰብዓ ሊቃናትን መንገድ ይከተላል፤ የአይሁድ ሊቃውንት በጥብርያዶስ አናባቢ ጨምረው ካጸኑት የዕብራይስጥ ንባብም በብዙ ቦታ ይለያል። በመለየቱ ብቻ ስሕተት ነው የሚል ካለ አልመረመረም። ሰብዓ ሊቃናት የያዙት ዕብራይስጥ የጥብርያዶስ ሰዎች ካጸኑት ንባብ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማልና።

ከዚያም ብዙ ዘመን አለፈ፤ ነገሥታት ተነሡ፣ ነገሥታትም ወደቁ። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በሆነች ጊዜ የትርጓሜ ጉባኤ በዚያ ጸና፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎም በአራት ተከፈለ። በዚያም መምህር ኤስድሮስ የተባሉ ታላቅ መምህር ተነሡ። የቀደመው ትርጓሜ አላረካቸውምና ወደ ጣና ደሴት ገብተው መጻሕፍትን ሲመረምሩ ሰባት ዓመት እንደቆዩ አባቶች ይናገራሉ። ከዚያ ሲመለሱ ያስተማሩት ትርጓሜ ታች ቤት ተባለ፤ የቀደመው ላይ ቤት። ታች ቤት ሰፋ፣ ላይ ቤት ጠበበ። ሁለቱ ቤቶች በክርክራቸው ጊዜ የተነጋገሩትን ሁሉ ግን አንጽፍም።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ተማሪው የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ መምህሩም መጀመሪያ ጥሬ ዘይቤውን በአማርኛ ይፈታሉ። ቀጥሎ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ፍቺ፣ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ። ታሪክ ካለው ታሪኩን፣ ምስጢር ካለው ምስጢሩን፣ ሌላ መጽሐፍ በሌላ ቃል ካነበበውም ያንን ልዩ ንባብ ይናገራሉ። ለምሳሌ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር የተቀበላቸው ሦስቱ እንግዶች ሥላሴ ናቸው፤ አንድም ጌታ ከሁለት መላእክት ጋር ነው። መምህሩ አንዱን አንሥተው ሌላውን አይጥሉም። ይህ ሁሉ በቃል ተይዞ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፍ ነበር። ከአንድ ንባብ አንድ ፍቺ ብቻ ይወጣል ከሚል ትምህርት ይህ ሥርዐት ይበልጣል፤ የእግዚአብሔር ቃል ጥልቅ መሆኑን በሥራው ያምናልና።

የሀገራችን ዕውቀት ወደ ፈረንጅ ሀገርም ተሻገረ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1652 የአምሐራው አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን ሀገር በጎታ ከተማ ለጀርመናዊው ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝንና አማርኛን አስተማሩ፤ ሉዶልፍም በ1661 የግእዝ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ግእዝን የሚያውቅ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የአባ ጎርጎርዮስ የልጅ ልጅ ነው። ኋላም አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ፤ እርሱ ካረፈ በኋላ ሥራው በ1,250 ፓውንድ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተሸጠ። ወንጌሉ በ1824፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ስለ ዋጋው ይህን ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የሸዋ ሰው ነበሩ፤ በጉባኤ የበሰሉ፣ በሰዋስውም እጅግ የረቀቁ። በሮም ጣሊያናዊው ሊቅ ኢግናጽዮ ጉይዲ ከእርሳቸው ተማረ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 ያሳተመው የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላትም ከእርሳቸው ዕውቀት ብዙ ቀድቷል። እርሳቸው ግን በልባቸው የያዙት ሌላ ሥራ ነበር፦ ግእዝን ከእኅቶቹ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብ ጋር አስተያይቶ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። ጀመሩት፤ ዘመናቸው ግን ሊበቃቸው አልቻለም። በኢየሩሳሌም ሳሉ ሥራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ብለው በ1900 ዓ.ም አረፉ።

ኪዳነ ወልድም በሸዋ ተወልደው፣ በጉባኤ ተምረው፣ በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። በዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀመጡ። በዐፄ ዮሐንስ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ደብረ ገነት፣ በዚያ ወራት አዲስ ነበረ። ከተማይቱም ለምሁር ሰው ትልቅ ጉባኤ ናት፤ በአንዲቱ መንገድ አይሁዳዊው ኦሪቱን በዕብራይስጥ ሲያዜም፣ በሁለተኛይቱ ሶርያዊው ነቢያትን በሱርስት ሲያነብ ይሰማል። ኪዳነ ወልድ ዕብራይስጥንና ሱርስትን፣ ዐረብንም ተማሩ። በግእዝ ብቻ ያወቁትን ነቢይ ነቢዩ በተናገረበት ቋንቋ ሰሙት።

እዚህ ላይ ስለ ሕዝቅኤል ጥቂት እንናገር፤ ኋላ የምንጽፈው ድል ያለዚህ አይታወቅምና። ሕዝቅኤል በባቢሎን ምርኮ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ያየው ራእይ ለተርጓሚ ሁሉ የከበደ ነው። አባቶቻችን አራቱን እንስሳ በአራቱ ወንጌላውያን፣ ተዘግቶ የሚኖረውን የምሥራቅ በር በእመቤታችን ተርጉመው ደስ ብሏቸው ኖሩ። አይሁድም በዚህ መጽሐፍ ብዙ ደክመዋል። ቃሉ ከኦሪት ጋር የሚጋጭ ስለመሰላቸው ሊሰውሩት አስበው ነበር፤ ሐናንያ ወልደ ሕዝቅያስ የተባለ ሊቅ ግን ሦስት መቶ እንስራ ዘይት ለመብራት ወስዶ፣ በሰገነቱ ተቀምጦ መጽሐፉን ከኦሪት ጋር እንዳስታረቀ በታልሙድ ይነገራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1105 ያረፈው የፈረንሳዩ ሊቅ ራሺም፣ ከአይሁድ ሊቃውንት ሁሉ ጥሬ ዘይቤን በማፍታታት የሚደነቀው እርሱ፣ በሕዝቅኤል መጨረሻ ወዳለው የቤተ መቅደስ ልክ በደረሰ ጊዜ በዚህ ሕንፃ ነገር መምህርም ረዳትም እንዳልነበረው፣ ከሰማይ እንዳሳዩት መጠን ብቻ እንደጻፈ ተናግሯል። ይህን ያለ ሰው፣ ከሌላ ሃይማኖት ቢሆንም፣ በጉባኤ ቤታችን ቢመጣ ወንበር ይገባው ነበር።

በንባቡም ልዩነት አለ። ነቢዩ ስለ እስራኤል ኃጢአት በግራ ጎኑ የሚተኛበት ቀን በዕብራይስጥ 390 ነው፤ በሰብዓ ሊቃናት ጽርእ 190። ጽርእን ብቻ የያዘ መምህር በ190 ታሪክ ሲቆጥር፣ ዕብራይስጥን ብቻ የያዘ በ390 ይቆጥራል፤ እርስ በርሳቸውም ተላላፊ ይባባላሉ። ሁለቱን ያየ ሰው ግን ከንባቡ በፊት ሌላ ንባብ እንዳለ፣ መጽሐፍ በሰው እጅ ሲገለበጥ እንደኖረ ያውቃል፤ ይህንንም ሲያውቅ እምነቱ አይናወጥም። «አንድም» ማለትን ከልጅነቱ ለተማረ ለጎንደር ጉባኤ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ፈረንጆች ከብዙ ክርክር በኋላ የደረሱበትን የልዩ ንባብ ነገር የእኛ መምህራን በጉባኤያቸው ይዘውት ኖረዋል። የቀራቸው ዕብራይስጡን በዓይናቸው ማየት ነበረ፤ ኪዳነ ወልድ አዩት።

በዚያም ወራት እግዚአብሔር የአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ልብ አነሣሣ። እኒህ መስፍን መጽሐፍ ወዳድ ነበሩ፤ የማተሚያ መኪና አስመጥተው ብርሃንና ሰላምን ያቋቋሙ፣ ሊቃውንትንም ከያሉበት የሚፈልጉ። የኪዳነ ወልድን ዝና ሰምተው ከኢየሩሳሌም ጠሯቸው። አለቃም መጡ፤ በድሬዳዋም ተቀመጡ። ድሬዳዋ በዚያ ጊዜ የባቡር ከተማ፣ የነጋዴና የእንግዳ መናኸሪያ ነበረች፤ ቆላ ናት፣ ጉባኤ ቤትም አይደለችም። ነገር ግን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ በዚያ ነበረና አለቃ ሙቀቱን ታገሡ። ደስታ ተክለ ወልድም ደቀ መዝሙር ሆነው አብረዋቸው ተቀመጡ።

በ1916 ዓ.ም መጽሐፈ ሕዝቅኤል ንባቡ በግእዝ፣ ትርጓሜው በአማርኛ ሆኖ በድሬዳዋ ታትሞ ወጣ። ይህ ነው ድሉ። ከኤስድሮስ ዘመን ጀምሮ ከሁሉ ይልቅ በመምህራን ቃል ይኖር የነበረው፣ መምህሩ ሲሞት አብሮ ሊሞት ይችል የነበረው የነቢዩ ትርጓሜ፣ አርባ ስምንቱም ምዕራፍ፣ በወረቀት ላይ ጸና። ያውም የጎንደርን ትርጓሜ ሳይጥሉ፣ ዕብራይስጥን ባወቀ ሊቅ ዓይን ታይቶ። ከዚያ በፊት አንድ ተማሪ ሕዝቅኤልን ለመስማት አገር አቋርጦ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ የመምህሩን ፈቃድ ጠብቆ ነበር የሚማረው። ከዚያ በኋላ ግን ከሐረር እስከ ጎጃም ያለ ካህን መጽሐፉን ገልጦ መምህሩን በፊቱ ያገኝ ነበር። የጉባኤው ምስጢር ለገበያ ወጣ ብለው ያዘኑም ነበሩ፤ ኀዘናቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን በኋላ የመጣው ዘመን ለአለቃ ፈረደላቸው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሻገሩ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል። አለቃ ሠላሳ ዓመት የተማሩባት ከተማ ጠሪያቸውን ተቀበለች፤ ይህንንም እግዚአብሔር እንዳሰናዳው እናምናለን።

በ1928 ዓ.ም ጣሊያን ሀገራችንን በያዘ ጊዜ ስለሆነው ብዙ አንጽፍም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪም አምስት ዓመት በውጭ ሀገር ነበሩ። በግንቦት 1929 ዓ.ም በደብረ ሊባኖስ የጣሊያን ወታደር መነኮሳቱን ፈጀ፤ በቃል የተያዘ ስንት ትርጓሜ አብሮ ወደ ጉድጓድ እንደገባ የሚቆጥር የለም። በቃል ብቻ ይኑር ይሉ የነበሩ ሰዎች ያን ጊዜ ምን እንዳሉ አልሰማንም። የመነኮሳቱን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓ.ም አረፉ፤ የመምህራቸው አደራ የሆነው መዝገበ ቃላት አልታተመም ነበር። ደስታ ተክለ ወልድ ግን አደራ በላ አልሆኑም። ሥራውን አሰናድተው በ1948 ዓ.ም በአዲስ አበባ አሳተሙት፤ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የሚባለው ነው። ፊደሉ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ፣ በዕብራይስጥ ሥርዐት ተሰልፏል። ግሱንም ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብ ዘመዶቹ ጋር ያስተያያል። ዛሬም የግእዝ ብሉይን የሚመረምር ሰው ይህን መጽሐፍ ሳይገልጥ ቢናገር አይሰማም። ሦስት ትውልድ፣ ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረው፣ ኪዳነ ወልድ አስፍተው፣ ደስታ ፈጽመው፣ አንድም ሰው ስሙን ከመምህሩ ስም አላስቀደመም።

ስለ መጻሕፍታችን ጥንታዊነት ሌላ ምስክርም ተነሣ፤ በ1939 ዓ.ም ገደማ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የጥንት ብራናዎች መገኘት ጀመሩ። በእነዚያም መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቁራጮች በአራማይስጥ፣ ከአሥራ አንድ ቅጂ፣ የመጽሐፈ ኩፋሌም ቁራጮች በዕብራይስጥ ተገኙ። ሁለቱም መጻሕፍት በሙሉ ተጠብቀው የሚገኙት በግእዝ ብቻ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1773 የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ወሰደ። ከኢየሩሳሌም በአንድ ቀን መንገድ ከሚደረስበት ዋሻ የወጣው ብራና አባቶቻችን የያዙት ጥንታዊ መሆኑን መሰከረ። ከሄኖክ አንድ ክፍል በዋሻዎቹ አልተገኘም፤ ዋሻ ሁሉን አይጠብቅም።

በ1954 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ሊቃውንት ያዘጋጁት አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ፤ ብሉዩም ዕብራይስጡን መሠረት ያደረገ ነበር። በራስ ተፈሪነታቸው የጀመሩትን በንጉሠ ነገሥትነታቸው ፈጸሙት፤ ይህ ሥራቸው ከጦር ድል ሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን። መጽሐፎቹ በዚያ እትም 66 ሆነው ወጡ። በ1980 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸውን 81ዱን መጻሕፍት በአማርኛ አሳተመች፤ ሄኖክና ኩፋሌም በቦታቸው ገቡ።